ድምፁ አንድ፥ ትርጓሜው ልዩ ልዩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 14 ከቁጥር 10 እስከ 11፥ ስለ ቋንቋ ሲያስተምር በዓለም ያለው የድምፅ ዐይነት ብዙ መሆኑን፥ ትርጓሜ የሌለው ድምፅም አለመኖሩን ይገልጻል። ቀጥሎም የድምፁን ትርጓሜ ያላወቀ ሰው ለተናጋሪው ባዕድ እንደሚሆን፥ ተናጋሪውም ለርሱ ባዕድ እንደሚሆንበት ያስረዳል። ሐዋርያው ይህን የተናገረው በጉባኤ መካከል በልሳን ስለሚናገሩ ሰዎች ነው። ነገር ግን ቃሉን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ይህ ባዕድነት በሁለት መንገድ እንደሚመጣ እናስተውላለን። አንደኛው መንገድ ቃሉን ጨርሶ አለማወቅ ነው፤ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ እንዲህ ያለ ሰው አለማወቁን ያውቃልና ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ይኸውም የባዕዱ ቃል ድምፅ ከራሳችን ቋንቋ ቃል ድምፅ ጋር ተመሳስሎ ሲገኝ፥ ያወቅን መስሎን ሳናውቅ መቅረት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አይጠይቅም፤ ሳይጠይቅም ይፈርዳል።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ይህ ሁለተኛው አለማወቅ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚለይ፥ በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ለእኔ ምስጋና የሚሆን ነገር የለበትም፤ ሆኖም ትምህርት አለበትና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ስማር፥ እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ደበሎዬን ለብሼ፥ አኮፋዳዬን አንግቼ፥ በየደጁ እየቆምኩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ የዕለት ምግቤን እለምን ነበር። «ስማ» በግዕዝ «ስሟ» ማለት ነው፤ ልመናውም ስለ ማርያም ስሟ ብላችሁ ስጡኝ ማለት ነው። ከመንደሩ ዳር ከቆላ አገር መጥተው የሰፈሩ፥ በሌላ ቋንቋ ያደጉ፥ አማርኛንም በጉልምስናቸው የተማሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ጧት ከደጃቸው ቆሜ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብለምን፥ ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ወጡና «አንተ ልጅ፥ ማንን ነው ስማ የምትለው? በአያትህ ዕድሜ ያለ ሰው ስማ ይባላልን?» ብለው ተቆጡኝ።

በዚያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር ነገሩ ባለቀ ነበር። «አባቴ፥ ይህ ግዕዝ ነው፤ ስሟ ማለት ነው እንጂ እርስዎን ማዘዜ አይደለም» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ግዕዝ ማወቄ ልቤን አስታብዮት ስለ ነበር፥ ምንም ሳልመልስ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ወደ ጓደኞቼም ተመልሼ የእመቤታችንን ስም የሚጠላ ሰው አገኘሁ ብዬ አወራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፥ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ፥ ከመካከላችን ያንን ደጅ የረገጠ አልነበረም።

የኔታ ወሬውን በሰሙ ጊዜ እኔን አስከትለው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ሽማግሌውም የኔታን በክብር ካስቀመጡ በኋላ፥ እንባ እየተናነቃቸው እንዲህ አሉ፤ «የኔታ፥ ያን ቀን ልጄን ከቀበርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ልቤ ተሰብሮ ሳለ አንድ ብላቴና ከደጄ ቆሞ ስማ፥ ስማ እያለ እንደ ሎሌ ያዘዘኝ መሰለኝ። ነገሩን ጎረቤቴ ባስረዳኝ ጊዜ ግን ተጸጸትኩ። በአርባው ቀን ተማሪዎች ለልጄ ነፍስ እንዲበሉልኝ እንጀራውን አስጋግሬ፥ ጠላውን አስጠምቄ፥ ለመጥራት ስላፈርኩ በራሳቸው እግር ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ እንኳ የመጣ የለም። የማርያምን ስም ከደጁ ያባረረ ሰው ሆኜ ቀረሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከእግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩ፤ እርሳቸውም አንሥተው ሳሙኝ። ስንመለስ በመንገድ የኔታ የተናገሩኝ ይህን ብቻ ነበር፤ «ልጄ፥ እርሳቸው ያላወቁት አንድ ቃል ነው፤ አንተ ያላወቅኸው ግን አንድ ሰው ነው።» ይህ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ቃልና ስለ ትርጓሜ የመረመርኩት ሁሉ መነሻው ያ ደጅ ነው።

እንግዲህ አንድ ድምፅ በአንዱ ቋንቋ እንዲህ፥ በሌላው ቋንቋ እንዲያ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው? ይህን ለማስተዋል አስቀድሞ ቃል ከሁለት ነገር የቆመ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አንደኛው በጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው በልብ የሚታወቀው ትርጓሜ ነው። ሁለቱን ያስተሳሰረው የድምፁ ባሕርይ ሳይሆን የተናጋሪው ሕዝብ ስምምነት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ቁጥር 19 እንደምናነበው፥ እግዚአብሔር እንስሳትን ወደ አዳም ያመጣቸው በምን ስም እንደሚጠራቸው ለማየት ነበር፤ ስሙን አውጥቶ የሰጠው አዳም ነው። በ4ኛው ምእት ዓመት አውኖምዮስ የተባለው መናፍቅ የእግዚአብሔርን ባሕርይ በአንድ ስም ሙሉ ለሙሉ ማወቅ ይቻላል ብሎ በተነሣ ጊዜ፥ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሲመልስለት፥ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ማሰብንና መናገርን እንደ ሆነ፥ ቃላትን ግን ሰዎች በተሰጣቸው ችሎታ እንዳወጡአቸው አስረድቶአል። እግዚአብሔር እንደ ፊደል መምህር ተቀምጦ ስምን አንድ በአንድ አላስጠናም። ስለዚህም ነገሩ አንድ ሲሆን ስሙ በየሕዝቡ ልዩ ልዩ ሆነ፤ እንዲሁም ስሙ አንድ ሲመስል ነገሩ ልዩ ልዩ ሆኖ ይገኛል።

ድምፆች የሚገናኙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህ ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው መንገድ አጋጣሚ ነው። ሰው የሚናገርባቸው ሕዋሳት ከንፈር፥ ምላስ፥ ጥርስ፥ ላንቃና ጉሮሮ ናቸው፤ ከነዚህ የሚወጡት ድምፆች በቍጥር የተወሰኑ ናቸው። በዓለም ላይ ግን ዛሬ ወደ 7 ሺሕ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ የእያንዳንዱም ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው። ጥቂቱ ድምፅ ለብዙው ነገር ሲከፋፈል አንዱ ድምፅ በብዙ ቤት ማደሩ አይቀርም። በኢየሩሳሌም የመስቀልን ገዳም በ11ኛው ምእት ዓመት የሠሩት የጆርጂያ ሰዎች በቋንቋቸው አባትን «ማማ» ይሉታል፤ እናትን ደግሞ «ዴዳ» ይሏታል። አቡነ ዘበሰማያትን ሲጸልዩም «ማማኦ» ብለው ይጀምራሉ። ብዙ ሕዝብ እናቱን በሚጠራበት ድምፅ እነርሱ የሰማዩን አባት ይጠሩበታል። በጃፓን አገር ሰው ስለ ገዛ እናቱ ሲናገር «ሃሃ» ይላል፤ ለእኛ ጆሮ ግን ይህ የሳቅ ድምፅ ነው። የግሪክ ሰው «ኔ» ሲል አዎን ማለቱ ነው፤ ድንበርተኛው የቡልጋርያ ሰው «ኔ» ሲል ግን አይደለም ማለቱ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ቁጥር 37 ነገራችን አዎን አዎን፥ አይደለም አይደለም እንዲሆን ያዘዘን የልብን እውነተኛነት ፈልጎ እንጂ የከንፈርን ድምፅ ፈልጎ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ በአንዱ አገር እሺታ የሆነው ድምፅ በጎረቤቱ አገር እንቢታ ነውና።

ይህንኑ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በቤታችን ባሉት በግዕዝና በአማርኛ መካከልም ሞልቶአል። «ከልብ» በአማርኛ ከልብ የመነጨ፥ እውነተኛ ማለት ነው፤ በግዕዝ ግን «ከልብ» ውሻ ነው። ዐረቦችም ውሻን እንዲሁ «ከልብ» ይሉታል፤ ልብን የሚሉት «ቀልብ» ነው። በዐረብ አገር ሠርታ የምታድር እኅታችን በገዛ ቋንቋዋ ከልብ መውደዷን ብትናገር፥ አሠሪዋ የሚሰማው የስድብ ቃል ነው። «አልቦ» በግዕዝ የለም ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ሴቶች በእግራቸው የሚያጠልቁት የብር ጌጥ ነው። አንዱ ባዶነትን፥ ሌላው ጌጥን ይናገራል፤ በመካከላቸው ከድምፅ በቀር ዝምድና የላቸውም።

ሁለተኛው መንገድ የድምፅ መደባለቅ ነው። አባቶቻችን በግዕዝ ፊደል ለይተው ያኖሩአቸውን «ሀ»ን፥ «ሐ»ን፥ «ኀ»ን፥ «ሠ»ንና «ሰ»ን፥ «አ»ንና «ዐ»ን የዛሬው አንደበታችን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ከዚህም የተነሣ ተለያይተው የነበሩ ቃላት በጆሮ ተደባለቁ። «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው፤ «መሀረ» ግን አስተማረ ማለት ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕልን ሣለ ማለት ነው፤ ስለዚህ በመጻፍ የሚቸኩል ተማሪ እመቤታችንን ለምኝልን በማለት ፈንታ ሥዕል ሣይልን ሊላት ይችላል። መምህራን ስለ አንዲት ፊደል ተማሪውን አስነሥተው የሚገሥጹት ከንቱ ጥብቀት ይዞአቸው አይደለም፤ ምሕረትንና ትምህርትን፥ ብርሃንንና ስርቆትን የሚለየው አጥር ያች ፊደል ስለ ሆነች ነው።

ሦስተኛው መንገድ የአንድ ሥር መከፋፈል ነው። ይኸውም አንድ ግንድ የሆነ ቃል በየሕዝቡ ኑሮ እየተለወጠ ሌላና ሌላ ነገርን ሲጠራ ነው። ከዚህ ወገን እጅግ የሚያስደንቀው «ሌሔም» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ነው። በዕብራይስጥ «ሌሔም» ኅብስት ማለት ነው፤ በዐረብኛ ግን «ላሕም» ሥጋ ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የሁለቱ ሥር አንድ ነው፤ መነሻውም ዋና ምግብ የሚል ነበር። እህል ለሚያርሰው ሕዝብ ዋናው ምግቡ ኅብስት ሆነ፤ ከብት ለሚያረባው ሕዝብ ዋናው ምግቡ ሥጋ ሆነ፤ እያንዳንዱም የአባቶቹን ቃል ለገዛ ማዕዱ ሰጠው። በግዕዝ ደግሞ «ላሕም» የሚለው ድምፅ ላምንና በሬን ይጠራል። እንግዲህ አንድ መንገደኛ በሦስት ደጆች ቆሞ ይህን ቃል ቢናገር፥ በአንዱ ደጅ ዳቦ፥ በሁለተኛው ሥጋ፥ በሦስተኛው ላም ፈለገ ይባላል።

አሁን ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 5 ስለ ተናገረላት ከተማ እናስብ። ቤተ ልሔም በዕብራውያን ቋንቋ የኅብስት ቤት ናት። ዛሬ በዚያች ከተማ የሚኖሩ ዐረቦች ግን «በይት ላሕም» ይሏታል፤ በእነርሱ ጆሮ የሥጋ ቤት ማለት ነው። በዚያች ከተማ የተወለደው ጌታ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ቁጥር 51 ከሰማይ የወረደ ሕያው ኅብስት እርሱ መሆኑን፥ የሚሰጠውም ኅብስት ሥጋው መሆኑን አስተማረ። ሁለት ሕዝቦች ለሁለት ማዕድ የከፈሉትን ቃል እርሱ በአንድ ማዕድ ላይ አገናኘው። በእኛም አገር ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሿ ቤት ስሟ ቤተ ልሔም ነው። ዲያቆኑ ከዚያች ቤት የሚያወጣው ኅብስት ነው፤ በመሠዊያው ላይ ከተባረከ በኋላ ምእመናን የሚቀበሉት ግን የመድኀኒታችን ሥጋ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ሃይማኖታችን የቆመው በተጻፈውና አባቶች ባስተላለፉት ትምህርት ላይ ነው እንጂ በቃል መመሳሰል ላይ አይደለም። የቤተ ልሔም ስም ለማስተዋል መስኮት ይሆነናል፤ መሠረት ግን አይሆነንም። ዛሬ የባዕድ አገርን ከተማና የባዕድ ሰውን ስም በአማርኛ እየፈቱ፥ ድምፁ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ይህ የእኛ ነው፥ ያ ከእኛ የወጣ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለው አፈታት ለጊዜው ያስደስታል፤ ነገር ግን የሌላውን ቃል ባለቤቱን ሳይጠይቁ መውሰድ ነው። የጆርጂያን ሰው ጸሎት ሰምቶ «ማማኦ» ያለው እናቱን ነው ብሎ የሚከራከረውን ሰው ማን ዐዋቂ ይለዋል? የቃልን ትርጓሜ የሚያውቀው በዚያ ቃል የሚጸልየው፥ የሚያለቅሰው፥ ልጁንም የሚጠራው ሕዝብ ነው።

ድምፅን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ወዴት እንደሚያደርስ ግን መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 በሚያስፈራ ሁኔታ ያሳየናል። የገለዓድ ሰዎችና የኤፍሬም ሰዎች፥ ሁለቱም የያዕቆብ ልጆች ሳሉ፥ በዮፍታሔ ዘመን ተዋጉ። ኤፍሬማውያን ተሸንፈው ሲሸሹ፥ ገለዓዳውያን የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙና የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። ኤፍሬማዊው «ሺ» ማለት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ይላል፤ በዚያች በአንዲት ፊደልም ይታረዳል። በዚያን ጊዜ የወደቁት 42 ሺሕ ነበሩ። ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ብንጠይቅ ደግሞ የእህል ዛላ ማለት ነው፤ እኛ ሰብል ከምንለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የእንጀራ ስም የሰይፍ ስም ሆነ! በዚያ መሻገሪያ ላይ ስለ እህሉ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ድምፁ ብቻ ነበር። ወንድሞቼ ሆይ፥ እኛ ይህን ቃል በ«ሰ» ስለምንጠራ፥ ከዚያ መሻገሪያ ብንቆም ኖሮ ከሟቾቹ ወገን ነበርን። ስለዚህ በአነጋገሩ ምክንያት ሰውን ለመለየት፥ ለመናቅ፥ ከዚያም አልፎ እጅን ለማንሣት የሚያስብ ክርስቲያን ቢኖር፥ በዮርዳኖስ ዳር የእርሱም ምላስ እንደሚፈረድባት ያስብ።

ከዚህ በተቃራኒ ሁለት ወገኖች በአንድ ቃል ተጣልተው ሳለ ትርጓሜውን ጠይቆ ያስታረቀ አባት አለን። እርሱም አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። በምዕራባውያን አቆጣጠር በ362 ዓ.ም. ከስደት ተመልሶ በእስክንድርያ ጉባኤ ባደረገ ጊዜ፥ በአንጾኪያ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን «ሂፖስታሲስ» በሚለው የግሪክ ቃል ተከፋፍለው ነበር። አንደኛው ወገን ሥላሴ ሦስት ሂፖስታሲስ ናቸው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን አንድ ሂፖስታሲስ ነው ይላል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አካላትን የሚያፋልስ ሰባልዮሳዊ አድርጎ፥ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሦስት አማልክት የሚያመልክ አርዮሳዊ አድርጎ ይጠረጥረው ነበር። ለላቲን ተናጋሪዎች ነገሩ ይልቁን ከባድ ነበር፤ ሂፖስታሲስ ከሥር የቆመ ማለት ሲሆን፥ ከዚሁ ጋር በአሠራሩ ትክክል የሆነው «ሱብስታንቲያ» የሚለው የላቲን ቃል ባሕርይን የሚጠራ ነበርና፥ ሦስት ሂፖስታሲስ ሲባል ሦስት ባሕርያት የተባለ ይመስላቸው ነበር።

አትናቴዎስና ከእርሱ ጋር የነበሩት አባቶች ለማውገዝ አልቸኮሉም። ሦስት የሚሉትን ጠየቁአቸው፤ ሦስት ስትሉ እርስ በርሳቸው የተለያዩ፥ ባዕዳን የሆኑ ሦስት አማልክት ማለታችሁ ነውን? እነርሱም አይደለም፤ አብ በእውነት አብ፥ ወልድ በእውነት ወልድ፥ መንፈስ ቅዱስም በእውነት መንፈስ ቅዱስ ነው፤ መለኮት ግን አንድ ነው ማለታችን ነው አሉ። አንድ የሚሉትንም ጠየቁአቸው፤ እንደ ሰባልዮስ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ህልውና የሌላቸው ማድረጋችሁ ነውን? እነርሱም አይደለም፤ ሂፖስታሲስ የምንለው ባሕርይን ነው፤ የሥላሴ ባሕርይ አንድ ስለ ሆነ አንድ አልን አሉ። በዚህም የሁለቱ እምነት አንድ ሆኖ ተገኘ። አርዮስን በመቃወም አምስት ጊዜ የተሰደደው፥ ስለ እውነት ለማንም ያልተበገረው አባት፥ በቃል ምክንያት ወንድሞቹን ከማጣት በፊት ምን ማለታችሁ ነው ብሎ መጠየቅን አልናቀም። ጽኑ ሃይማኖትና ታጋሽ ጆሮ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ እንማራለን።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ ይህ ሁሉ ድካም የመጣው በባቢሎን ግንብ ቋንቋ በመደባለቁ ነውና፥ ሰው ሁሉ አንድ ቋንቋ ቢናገር አይሻልም ወይ ይል ይሆናል። ነገር ግን መንፈስ ቅዱስ በጰራቅሊጦስ ዕለት በወረደ ጊዜ የሠራውን እንመልከት። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው፥ ከብዙ አገር የተሰበሰቡት ሰዎች የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ሰሙ። የጳርቴው፥ የግብፁና የዐረቡ ቋንቋ ተሽሮ ሁሉም የገሊላን ቋንቋ አልተማሩም። ወደ ሕዝቡ ቋንቋ የሄደው ወንጌል ነው። በሰናዖር ሜዳ ሰዎችን የበተናቸው ትዕቢታቸው ነበርና፥ በኢየሩሳሌም መድኀኒቱ የቋንቋ መጥፋት ሳይሆን የመስማት ጸጋ ሆነ።

በመጨረሻ ወደ በረሃ ወጥተን አንድ ቃል እንስማ። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 16 ቁጥር 15 እንደምናነበው፥ እስራኤል ጧት ተነሥተው በምድር ላይ እንደ ውርጭ የተበተነ ነገር ባዩ ጊዜ እርስ በርሳቸው «ማን ሁ» ተባባሉ፤ ይኸውም በቋንቋቸው ይህ ምንድር ነው ማለት ነው። ሙሴም ምን እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ለቅመውም በሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ኅብስት ስሙ መና ሆነ። አስተውሉ! ከሰማይ የወረደው እንጀራ ስሙ ጥያቄ ነው። የማያውቁትን ነገር ረግጠው አላለፉም፤ ጠየቁ፤ በመጠየቃቸውም አርባ ዓመት ተመገቡ።

በእኛ በአማርኛ ግን «መና» የሚለው ድምፅ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንዱ ይኸው የሰማይ ኅብስት ነው፤ ሁለተኛው ከንቱ ማለት ነው፤ ድካሙ መና ቀረ እንላለን። የሰው ቃል ሁሉ ለሰሚው ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ መንገድ መና ይሆናል። ምን ማለትህ ነው ብሎ ለጠየቀ ምግብ ይሆነዋል፤ ሳይጠይቅ ለፈረደ ከንቱ ሆኖ ይቀርበታል። ዳግመኛም ዕብራውያን ምንድር ነው ሲሉ የተናገሩት «ማን» የሚለው ድምፅ በእኛ ቋንቋ የሰው መጠየቂያ ነው። አበው በምድረ በዳ ምንድር ነው ብለው ስለ ጠየቁለት ኅብስት፥ በቅፍርናሆም ጌታ እኔ ነኝ ብሎ መለሰ። የኔታም በዚያ መንገድ ላይ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፤ ከቃሉ በስተ ኋላ ሰው አለ፤ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው ወደሚለው ይደርሳል።

ስለዚህ የተወደዳችሁ ሆይ፥ በገበያም ሆነ በመንገድ፥ በአገር ውስጥም ሆነ በስደት፥ ለጆሮአችን የሚከብድ ቃል በሰማን ጊዜ ወዲያው አንቈጣ፤ ምን ማለትዎ ነው፥ ምን ማለትሽ ነው ብለን በትሕትና እንጠይቅ። እኛም ሌላው ያልገባውን ቃል ስንናገር፥ ማስረዳትን እንደ ውርደት አንቍጠረው። የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው የሚከፍለው ዕዳ ትርጓሜ ነውና። ያ ሽማግሌ ከዚያ ቀን በኋላ ከደጃቸው ስቆም ሁልጊዜ ቀድመው ይወጡ ነበር። «ስማ» ባልኳቸው ጊዜም ፈገግ ብለው «ሰምቻለሁ ልጄ፥ ስሟን ሰምቻለሁ» እያሉ እንጀራውን ያቀብሉኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እርሳቸውንም ልጃቸውንም በቅዳሴ ጊዜ በስም አስባቸዋለሁ። የዘገየሁበትን የአርባ ቀን ማዕድ ዋጋ ግን እስከ ዛሬ ከፍዬ የጨረስኩ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ የነበረው ቃል፥ ሥጋን ለብሶ በመካከላችን ያደረው እርሱ፥ የምንናገረውን በቅንነት እንድንናገር፥ የምንሰማውንም በማስተዋል እንድንሰማ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፥ አሜን።